ባሕር ሲሻገር የሚፈርስ ጋብቻ

ለክቡር የቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ሚኒስትር
ለንደን

ሙንታ፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ 1886

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ውቅያኖሱን አቋርጦ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ ሰላም የሰፈነበት፣ ትዳርዎም በደረሱበት አገር ሁሉ ትዳር ሆኖ የሚቆይ ይሁን እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ባሕር ሲሻገሩ ደብዳቤ መሆናቸው ቀርቶ ይሆናል ብዬ ነው።

ስሜ ላቭዴይ ትሬጌንዛ ይባላል። እንደ አብዛኞቹ የዚህ የመዳብ ከተማ ሰዎች ከእንግሊዝ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዎል የፈለስሁ ነኝ። እህቴ ታምዚን የሦስት ዓመት ልጇን ሆነርን ትታ ስትሞት ልጅቷን እኔ አነሣኋት፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም አባቷ ጃበዝ አገባኝ። መጀመሪያውኑ ፍቅር ነበር ብዬ አልዋሽዎትም፤ ሁለታችንም የምናለቅሰው ለአንድ ሰው ስለነበር ነው። ፍቅሩ ኋላ መጣ። ዊልሞትንም ወለድን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ራሳችንን እንድናስተዳድር ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። የመረጥናቸው ሰዎች፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው እህቷን ማግባት ይችላል የሚል ሕግ አወጡ፤ ለንደን መለሰችው። ደግመው አወጡ፤ ደግማ መለሰችው። ንግሥታችን በመጨረሻ ሲፈቅዱ፣ እኔና ጃበዝ በዚያው ሕግ፣ በ1874፣ በጸሎት ቤታችን በምስክር ፊት ተጋባን። እዚህ የጸደቀልን በግርማዊነታቸው ስም ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ጋብቻችንን የሚክደውም ሕግ በግርማዊነታቸው ስም ነው። አንድ ስም እንዲህ ሁለት አፍ እንደሚኖረው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። የመዳብ ጉድጓዱ አቧራ የጃበዝን ሳንባ ጨርሶት ነበርና፣ ሳይሞት እናቱን እንዲያይ አራታችንም ወደ ኮርንዎል ተሳፈርን። እናቱን ወይዘሮ ጀኒፈርን አየ፤ በተወለደበት ቤት አምስት ሳምንት ቆይቶ ሞተ። ሬሳው ቤት ተጋድሞ ሳለ ሞቱን ለማስመዝገብ ከአማቴና ከልጆቼ ጋር ወደ መዝጋቢው ሄድሁ። ሰውየው ትሑት ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ለሟች ምኑ ነዎት?» አለኝ።

«ሚስቱ ነኝ።»

«ከእርስዎ በፊት ሚስት ነበረችው?»

አማቴ ተንኮል የማታውቅ ሴት ናትና ቀድማኝ መለሰች፦ «የእሷው እህት ናት እንጂ። እግዜር ይስጣት፣ የልጄን ልጅ ለእንጀራ እናት ሳትሰጥብኝ አሳደገችልኝ።»

መዝጋቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው ሚስት አይደሉም፤ የሚስት እህት ነዎት።»

«አገራችን ላይ በሕግ ነው የተጋባነው።»

«በአገርዎ ይሁን እመቤቴ፤ ይሄ እንግሊዝ ነው።»

«ይሄማ ኮርንዎል ነው፤ እንግሊዝ ከወንዙ ማዶ ነው» አለች አማቴ፣ የአገሬው ሰው ሁሉ እንደሚለው። ሰውየው ፈገግ እንኳ አላለም።

«ትልቋ ልጅ ሕጋዊ ናት፤ ከፈለጋችሁ እሷ ትፈርም» አለ። ዊልሞት ከጎኗ ቆማ ነበር። ሕጋዊ ያልሆነችው ማን እንደሆነች የሚነግራት አልነበረም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ።

ሆነር እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «እማዬ በስሟ ካልፈረመች እኔ አልፈርምም» አለች።

ያለ ወረቀቱ ቀብር አይፈቀድም ተባልሁ። ስለዚህ እኔ ፈረምሁ፤ «የሚስት እህት» ከሚለው ቃል ሥር። ክቡርነትዎ፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። ለዐሥራ አንድ ዓመት ያረፍሁበትን ትዳር በገዛ እጄ ሰረዝሁ፤ ከዚያም መዝጋቢውን አመሰገንሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ምስጋና ነው።

የደብሩም ቄስ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ «የታምዚን ባል» እንጂ ሌላ አይጻፍም አሉ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ከጉድጓድ ሲወጣ ጀርባውን ያጠበችው ይቺ ናት» አለቻቸው አማቴ፤ «ኃጢአት ከሆነም በላይ ቤት እኔ እጠየቅበታለሁ።» እሳቸውም፣ ጥያቄው የሰማይ ሳይሆን የእንግሊዝ ሕግ እንደሆነ በትሕትና አስረዷት። እነሆ ባሌ እዚያ ብቻውን ተኝቷል፤ ድንጋዩ የሰጠው ሚስት ደግሞ ከዓለም ሌላ ጫፍ፣ በሙንታ ቀይ አፈር ውስጥ ናት።

ሦስተኛ፣ ስለ መዳባችን። ጃበዝ የቆፈረው መዳብ ያንኑ ባሕር ሲሻገር መዳብነቱን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። እንግሊዝ ደርሶ ድስት ይሆናል፣ ሽቦ ይሆናል፣ የመርከብ ቆዳ ይሆናል። እንግዲህ ከቅኝ ግዛት ወጥቶ እናት አገር የማያውቀው የሰው ቃል ኪዳን ብቻ መሆኑን በማወቄ ዕውቀቴ ሰፍቷል።

በመልሱ ጉዞ ዊልሞት በየማለዳው የመርከቡን የጠርዝ መደገፊያ ይዛ፣ «እማዬ፣ የአባባ ልጅ የምሆንበት ጋ ደረስን?» ትለኝ ነበር። ካፒቴኑን ጠየቅሁት፤ ድንበሩ በካርታው ላይ እንደሌለ ነገረኝ። ክቡርነትዎ ጋብቻ የሚያልቅበትን ማዕበል ቢያመለክቱልን፣ ከእንግዲህ የሚሻገሩ ባለትዳሮች ቢያንስ በጊዜው ይሰነባበታሉ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፦ እዚህ የፈቀዳችሁትን እዚያ አትካዱት። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን፣ ራሳችሁን አስተዳድሩ የሚለውን ቃል መልሳችሁ ውሰዱትና በግልጽ እንገዛ።

በአገሬ ወይዘሮ፣ በአገርዎ ወይዘሪት፣ በሁለቱም አገር ግብሯን ከፋይ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ አገልጋይ፣

ላቭዴይ ትሬጌንዛ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ለመስጠት መቻኮል እንደሌለብዎ በትሕትና አሳውቃለሁ። ልጄ ጥያቄውን ትታዋለች። ባለፈው ሰኞ መምህሯ ደብተሯን ላኩልኝ፤ በሽፋኑ ላይ «ዊልሞት» ብላ ጽፋ፣ የአባቷን ስም የሚጽፉበትን ቦታ ባዶ ትታዋለች። እዚሁ ሙንታ፣ ሕጉ በሚያውቃት አገር።