ከባቡር መስኮት እንዳይታይ የነደፍከው ቤት

ተሰማ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ልጻፍልህ ብዬ ስንቴ ተቀምጬ ስንቴ እንደተነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አፍሬ ነው።

ቤታችን ዘንድሮም ተሰነጠቀ። ይህ የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ የድንጋይ ግድግዳችንም አብሮት ይተረተራል። በሲሚንቶ አስደፈንኩት፣ ከጎኑ ተከፈተ። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ እስብበታለሁ።

አንተ ይህን አስቀድመህ አይተኸው ነበር። ከድሬዳዋ በተመለስክ ቁጥር፣ የባቡር ልብስህን ሳታወልቅ፣ በአሮጌ የጭነት ወረቀት ጀርባ ላይ ቤት ትነድፍ ነበር። ጀርባውን ለዳገቱ የሰጠ፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ የማይሰበር የእንጨትና የጭቃ ቤት፤ ጭድ በደንብ የገባበት ግድግዳ፣ የጣሪያው ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ በግቢው ከቆሙት ግራሮችም አንድ ሳይነካ። ከባቡሩ መስኮት ሆኜ ቤቱን ከዳገቱ መለየት ሲያቅተኝ ያን ጊዜ ቤት ሠራሁ እላለሁ እያልክ ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆኜ ጭቃ ቤት ልግባ? ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነጩን ቤቴን እንዲያይልኝ ነበር ምኞቴ።

አንተ መንገድ ላይ ሳለህ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ወዳጅህ አናጢው ቱፋ ሥራ ሊጀምር መጣ። ንድፍህን አገላብጦ አየና፣ ይህ ሰው መሬታችንን ያውቃል ብሎ ደስ አለው። እኔ ግን ተሰማ ሐሳቡን ቀይሯል ብዬ መለስኩት። ግራሮቹን አስቆርጬ፣ ግንበኛ ጠርቼ መሠረት አስጣልኩ። ስትመለስ ደግሞ ቱፋ በጭቃ አልሠራም ብሎ ጥሎን ሄደ አልኩህ። ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ዞረህ አየህ። ቱፋንም እስክትሞት ሰላም አላልከውም። እሱም ምን አጠፋሁ ብሎ አልጠየቀህም። የሁለታችሁ ኩራት ለኔ ተመቸኝ። ሬሳህን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቱፋ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከመሞትህ በፊት እውነቱን አውቀህ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። አላወቀም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ተሴ፣ ሰፈሩ ስለ አንተ ሲያነሣ ደግ ነበር፣ ቂሙ ግን አይለቅም ነበር ይላል። ከእንግዲህ እንዲህ ሲባል ሰምቼ ዝም አልልም። ቂሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ በሰው ፊት። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ሚስትህ