ለመስታወቱ ክፍል የሰፋሁት መጋረጃ

ይድረስ ለእትዬ፣ መርፌ ስነካ ባገኘሽኝ ቁጥር እጄን መታ ታደርጊኝ ለነበርሽው፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰሽ ስትውዪ የሚይዝሽ ወገብሽ ለቀቀሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ሞራው ከተገፈፈላት ወዲህ ዓይኗ ብርሃን ለመደ ወይስ አሁንም መስኮቱን ዝጉልኝ ትላለች? ጉልበቷስ ሌሊት ያስተኛታል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሚስቴ ደህና ናት፤ ልጃችን ሚጢጢ ሁለት የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ላገኘችው ሁሉ ድዷን ታስጎበኛለች። እኔም አውቶቡሴን እነዳለሁ፣ ከተሳፋሪ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩ።

ባለፈው የእማዬን ወደዚህ አገር መምጣት በስልክ ሳነሳብሽ «እናቴን ወስደህ እንደታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ልታሰጣት ነው?» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ቆሽቴ አረረ። አንቺን እያማሁ ሚስቴን እራቷን አስረሳኋት። ንዴቴ ሲበርድልኝ ግን በማግስቱ ወንበር ይዤ መስታወቱ ክፍል ገባሁና ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። እውነትሽን ነው፣ እትዬ። መኝታ ቤቶቻችን ፎቅ ላይ ናቸው፤ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ያን ደረጃ አይችለውም። ምድር ላይ ያለን ትርፍ ክፍል የቀድሞው ባለቤት ከጓሮ በኩል የለጠፈው ይኸው ብቻ ነው፤ ሦስት ጎኑ መስታወት፣ መስኮቱ አሥራ አንድ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ሻማ ወገቡ ታጥፎ አገኘሁት። እኔ በጤነኛ ዓይኔ እንባዬ እስኪወርድ ከተቸገርኩ የእማዬ ዓይን ምን ሊሆን ነው?

መጋረጃ ሠሪ ጠራሁ። ሰውየው መጥቶ ለካ፣ ጻፈ፣ አንገቱን ነቀነቀና በአራት ወሩ ይደርሳል አለኝ። የእማዬ የመግቢያ ፈቃድ ደግሞ ነሐሴ ሲያልቅ እንደሚቃጠል ታውቂያለሽ። ካለፈ እንደገና ከሀ ብሎ መጀመር ነው፤ ያንን ወረቀት ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ እንደጠናን አንቺው ምስክር ነሽ። ስለዚህ የሰፊ ቤት ልጅ አይደለሁም ወይ ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ራሴ ልሰፋው ተነሳሁ። ሚስቴ አንድ ቁልፍ እንኳ ስተክል አይታኝ ስለማታውቅ ሳቋ ለሰፈሩ ተሰማ።

አሠራሩን ልንገርሽ፤ መቼም መታዘብሽ አይቀርም። ወፍራም አቡጀዴ ገዛሁና ከጀርባው ገበር አደረግሁለት። በየሁለት ስንዝሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ኪስ እየሰፋሁ እንጨት አስገባሁበት፤ በየእንጨቱ ትይዩ ትንንሽ ቀለበት ሰፍቼ ሲባጎ አሳለፍኩባቸው። ሲባጎውን ስትስቢው ጨርቁ እየተጣጠፈ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ስትለቂው ይወርዳል። ከመስኮቱ ፍሬም ውስጥ ልክክ ብሎ መግባት አለበት።

አሥራ አንዱንም ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼ የመጀመሪያውን ልሰቅል ብል አልገባም አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ለካስ በየጎኑ ስንዝር ስንዝር አትርፌያለሁ! ከማን እንደተማርኩት አትጠይቂኝ። እኛ ቤት ለእድገት ሳይተርፍለት የተቆረጠ ጨርቅ ነበር ወይ? እማዬ የሱሪዬን ቅምቅማት በየዓመቱ እየፈታች ስታስረዝመው፣ ግርጌው ላይ የሚቀረው መስመር ሦስት አራት ይደርስ ነበር። እኔ ሳላስበው እጄ ራሱ ነው ያተረፈው። ጡረታ የወጡት አናጢ ጎረቤታችን መሰላል ሊያውሱኝ መጥተው ይኼ ትርፍ ለምንድን ነው ቢሉኝ፣ አፌ አመለጠኝና ለእድገት ነው አልኳቸው። መስኮቱን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ መስታወቱ በዓመት ምን ያህል ይረዝማል ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ መሰላሉን ተደግፈው እየሳቁ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት መስኮቶቹ አደጉልህ ወይ ነው የሚሉኝ።

ትርፉን ልቆርጠው መቀስ አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ስፌቱን ሁሉ ፈትቼ፣ እንጨቶቹን አሳጥሬ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ሦስት የእረፍት ቀኖቼ በዚሁ አለቁ፣ ጣቴ ወንፊት ሆነ። ግን ጠርዙ በመወፈሩ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በዳርና በዳር ብርሃን አያሾልክም፤ አናጢው እንኳ ሳይወዱ በግድ አመሰገኑኝ። ሚጢጢ አንገቷ ላይ እንዳትጠመጥመው የሲባጎውን ጫፍ ከፍ አድርገው ያሰሩልኝም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው እሑድ መጋረጃውን ሁሉ አወረድኩና በጠራራ ፀሐይ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ጋዜጣ ያስነብባል፣ ዓይን ግን አይወጋም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጋዜጣውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አፌን ከፍቼ ስተኛ ሚስቴ ያነሳችኝን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ፣ ማስረጃ ይሁንሽ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ዘግቼ አሸነፍኩሽ ልልሽ ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን አንቺ ስፌት ቤት ሳለሽ እማዬ በተከራያችሁ ስልክ ደወለችልኝ። ለእህትህ እንዳትነግራት አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ከዚያ መጋረጃህን ተወው፣ አልመጣም አለች። ዓይኗ ብርሃን ከለመደ እንደሰነበተ፣ አንቺ ስትኖሪ ብቻ የወጋት መስላ መስኮቱን እንደምታዘጋ ነገረችኝ። «እኔ ከሄድኩ ከሥራ ስትገባ በሩን የሚከፍትላት ማን አለ? ለኔ ብላ ሁለት ጊዜ ትዳር እምቢ ያለች ልጅ ናት፤ ባዶ ቤት ጥያት የትም አልሄድም» አለች።

አየሽ፣ አንቺ ለእሷ ብለሽ አትሄድም ትያለሽ፣ እሷ ላንቺ ብላ አልሄድም ትላለች፤ የምታሳብቡት ግን ሁለታችሁም በዓይኗ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ መስኮት እለካለሁ። ስልኩን ስዘጋ አፈርኩ። እማዬ የት ትኑር እያልኩ ይህን ሁሉ ስጨነቅ አንቺ ምን ትሆኛለሽ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ክፍሉን የለካሁት ለአንድ አልጋ ነበር።

አሁን እንደገና ለካሁት፤ መሐሉ ቢጠብም ሁለት ይይዛል። ለአስታማሚም ፈቃድ እንደሚሰጥ ጠይቄያለሁ፤ ከፈለግሽ ማመልከቻውን ነገውኑ አስገባለሁ። ስፌት ቤቴን፣ ደንበኞቼን፣ ኑሮዬን ትቼ አልመጣም ካልሽም እሱኑ ንገሪኝ፤ እናንተ እዚያው ትኖራላችሁ፣ እኔ እየመጣሁ አያችኋለሁ፣ ቅር አልሰኝም። ብቻ ስለ እማዬ ዓይን አትጻፊልኝ። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ተወልጄ ይህን ጠይቄሽ አላውቅም።

ለአጎታችን ለቆፍጣናው፣ ከማትለየው ሬዲዮው ጋር፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለተከራይዋ አስተማሪ ስልኳን ስላዋሰች ምስጋናዬ ይድረሳት። ሚስቴ ጉንጭሽን ትስማለች። ሚጢጢ አያቷን በብርቱካንማ እርሳስ ስላ ፖስታው ውስጥ አስገብታለች፤ ስድስት ጣት ያደረገችላት ቆጠራ ገና ስላልገባት ነው።

ለእማዬ ሰላምታዬን ለብቻ አልጽፍም፤ ይህን ደብዳቤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽላት እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ፣ ሚስጥርሽን ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው፣ ይቅር በይኝ። እትዬ፣ አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ቀና ብለሽ እያት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከመስታወቱ ክፍል፣ ረቡዕ ሰኔ 21 ቀን