ኢማርቲን እሾህ አልወጋትም

ኬልሳር መንደር፣ ቢካኔር
ሐሙስ፣ ኦገስት 9 ቀን 2007

ለምወድህ ልጄ ለሙላራም፣

የመስካት ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ደህናስ ደህና ነን። ግን ይህን ብቻ ብዬ ባልፍ እዋሽሃለሁ፤ ውሸቱን ደግሞ ባለፈው ወር በስልክ ነግረን ጨርሰናል።

ኢማርቲን እሾህ አልወጋትም። ውሻ ነው የነከሳት።

ቁጭ ብለህ አንብበው። ልጅህ ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ከፍየሏ ጋር ትጨቃጨቃለች። አራት መርፌ ተወግታለች፣ አምስተኛውና የመጨረሻው የፊታችን ማክሰኞ ነው። የከተማው ሐኪም «አባት፣ በጊዜ ነው ያመጧት፣ አይስጉ» ብሎኛል። ሚስትህን ሱግኒን እንዳትቆጣት። «እዚያ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ይህን ሰምቶ እጁ ቢንቀጠቀጥስ?» ብላ ነው እሾህ ያለችህ። እኔም አጠገቧ ቆሜ «አዎ፣ እሾህ ነው» ብያለሁ።

የሆነው ጁላይ 17 ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ የሞተ ከብት በምንጥልበት ሜዳ ጥግ፣ ውሾቹ ከበቧት። አንተ ስትሄድ የነበሩትን አሥር አሥራ አምስት ውሾች አታስብ። እኔ ስልሳ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። በሬሳ የወፈሩ፣ ሰው ሲመጣባቸው ቀና ብለው የሚያዩ ናቸው። አንዱ ባቷን ያዛት፤ በቦርሳዋ ስትመታው እጇንም ነከሳት። አንድ ግመል ነጂ ደርሶ በዱላ ባይበትናቸው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር።

ተሸክሞ ሲያመጣት ሌላ ነገር አላሰብኩም፣ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ወሰድኳት። ሩብ ሰዓት ሙሉ በሳሙና አጠብኳት። ሱግኒ ታለቅሳለች፣ ልጅህ ትጮኻለች፦ «አያቴ ይበቃል! እግሬን አጥበው ሊጨርሱት ነው!» ከዚያ ጤና ጣቢያ ሮጥን፣ መድኃኒቱ የለም። አውቶቡስ ይዘን ሁለት ሰዓት ተጉዘን ቢካኔር ገባን። መንገዱን በሙሉ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር፤ እኔ ትንፋሿን እቆጥር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ አያታለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ባለፈው እሑድ ሱግኒ ውሃ ስትሰጣት ኩባያውን ገፋችው።

«አልጠጣም!»

የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው ውሃ እንደሚፈራ ታውቃለህ።

«ለምን አትጠጪም? ጉሮሮሽን ያምሻል? ንገሪኝ የኔ እናት፣ ስትውጪ ያምሻል?»

«አሬራ ነው የምፈልገው፤ ጨው ያለው! እማዬ ሁልጊዜ ውሃ፣ ውሃ ትላለች።»

አሬራውን አንድ ማሰሮ አቀረብኩላት። አሬራው ከከንፈሯ በላይ ነጭ ፂም ሠርቶላት ስትስቅብኝ ወደ ጓዳ ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እንዲህ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ቆዳ ገፋፊውን ጄታራምን ታስታውሰዋለህ። «ዶክተር፣ እርስዎ የሚያድኗቸው ከብቶች ለእርስዎ፣ የማያድኗቸው ለእኔ» እያለ የሚቀልድብኝ። የዛሬ አራት ወር እዚያው ሜዳ ላይ ቆዳ ሲገፍ ውሻ ጣቱን ጫር አደረገው። ለማንም አልተናገረም፤ በርበሬና ዘይት ቀብቶ ሥራውን ቀጠለ። ጁላይ ሊያልቅ ሲል ሚስቱ ጠራችኝ። ቤቱ ስገባ ልጁ ውሃ የያዘ ጣሳ ይዞ ቆሟል፤ ጄታራም ጣሳውን እያየ መላ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ከብት ያከምኩ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ አልጠየቅኩም። ሆስፒታል ወሰድነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ውሾቹ ከየት መጡ ትለኝ ይሆናል። አሞራዎቹ ይበሉት የነበረውን ሬሳ አሁን እነሱ ናቸው የሚበሉት። ልጅ ሳለህ አንድ የሞተ በሬ ሜዳው ላይ ሲጣል ሰማዩ በጥንብ አንሳ ይጠቁር ነበር፤ ሰው ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ አጥንት ብቻ ይቀር ነበር። ሽታ የለም፣ ዝንብ የለም። መልካቸው ስለሚያስጠላ ማንም አመስግኗቸው አያውቅም። ከዚያ አንገታቸውን እየደፉ ከዛፍ መውደቅ ጀመሩ። ዛሬ አንድም የለም። ሬሳው ሳምንት ሁለት ሳምንት ይከርማል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ወደ ኩሬው ያወርደዋል። የመንደሩ ልጆች ሆድ በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ታውኳል።

አሁን የምጽፈውን ለሱግኒም አልነገርኳትም።

አንተ በሄድክ በዓመቱ ቫሱዳ የምትባል ተመራማሪ መጣች። ጄታራም ነው ወደ ቤታችን ያመጣት። የሞቱ አሞራዎች ሰብስባ ሆዳቸውን ከፍታ ነበር፤ ኩላሊታቸው ኖራ የተለቀለቀ ይመስል ነበር አለችኝ።

«አባባ፣ የታመመ ከብት ሲያክሙ ለሕመሙ የትኛውን መርፌ ነው የሚሰጡት?»

ኩራት ተሰምቶኝ ቦርሳዬን አመጣሁና ጠርሙሱን አልጋው ላይ አስቀመጥኩላት። ያንን መርፌ ታውቀዋለህ፤ ጠዋት መነሣት ያቃታት ላም ከሰዓት ቆማ የምትሄድበት። መዳን ለማትችለውም ሥቃይዋ እንዲቀል እወጋት ነበር፤ በማግሥቱ ሞታ ሜዳው ላይ ትጣላለች። ቫሱዳ ጠርሙሱን አንሥታ ጽሑፉን አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ይህን ተወግታ የሞተች ላም የበላ አሞራ በቀናት ውስጥ ይሞታል። አንዲት ሬሳ አንድ መንጋ ትጨርሳለች።

ጄታራም በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሲወጣ «ዶክተር፣ እርስዎ ምን ያውቁ ነበር?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር። ሙላራም፣ ከዚያን ቀን በኋላ ግን አውቅ ነበር። አውቄም ዓመት ተኩል ወጋሁ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት ከከለከለ በኋላም ለሰው የሚሸጠውን እየገዙ ያመጡልኝ ነበር። ሰውየው ላሙ ተጋድማ ስትቃትት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ዶክተር፣ እጅዎ እያለ?» ይለኛል። ደግሞስ አሞራዎቹ አልቀዋል፣ ከዚህ በኋላ ማንን እጎዳለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ይህን ለጄታራም ሳልነግረው ሞተ። ሆስፒታል ይዤው ስሄድ እጄን ይዞ ነበር የሄደው።

ከቀብሩ በኋላ የቀሩኝን ጠርሙሶች ሰብሬ ቀበርኩ። ከዚያ የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ሬሳ የምንቀብርበት ጉድጓድ ይቆፈር፣ ያ መርፌ ከመንደራችን ይጥፋ አልኩ። አንዱ ከኋላ «ሁክማራም ሲያረጅ ለአሞራ ጠበቃ ሆነ!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ይሳቁ። ጉድጓዱን ግን ትናንት ጨርሰናል፤ ካሳቀው ሰውዬ በቀር ሁሉም አካፋ ይዞ መጥቶ ነበር። እሱም ወደ ማታ ላይ ምግብ ልኮልናል።

ባለፈው ሳምንት የራሳችን ላም ጋውሪ እግሯን አሟት ወደቀች። ሱግኒ «አባባ፣ ለልጅቷ ወተት ከየት ላመጣ ነው? አንድ መርፌ ብቻ!» ብላ ለመነችኝ። አሞራ የማይገድል ሌላ መድኃኒት አለ፤ ቢካኔር ሄጄ አመጣሁ። አንድ ቀን ተኝታ ዋለች፣ ሁለተኛውንም ቀን። በሦስተኛው ቀን ጋውሪ ተነሣች። አሞራዎቹ ግን እንደ እሷ አይነሡም። ቫሱዳ እንደነገረችኝ ሁለቱ ተጣምረው በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥሉት። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ሰው ቢታረም እንኳ ሰማዩ ሲሞላ የሚያዩት ምናልባት የኢማርቲ ልጆች ናቸው።

ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዣት እሄዳለሁ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ አበቃ ይላል። ለእኔ መቼ እንደሚያበቃ አላውቅም። ስትሮጥ እከተላታለሁ፣ ስትተኛ ግንባሯን እነካለሁ። «አያቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ?» ትለኛለች።

ልጄ፣ ከፍታ ላይ ስትሠራ እግርህን ይጠብቅልኝ። ጤናህ ሙሉ፣ እንጀራህ የሰፋ ይሁን፤ ከሰው አገር በደህና ለቤትህ ያብቃህ። ሱግኒ ሰላም ትልሃለች። ኢማርቲም ሰላም ትልሃለች፤ የምታበራ ጫማ ላክልኝ ብላለች።

ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ በኋላ ስትደውል፣ ከሱግኒና ከልጅህ ጋር አውርተህ ስትጨርስ፣ «አባቴን አቅርቡልኝ» በል። ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባትልም ይገባኛል።

አባትህ፣
ሁክማራም