ከአባትህ በኋላ የደረሰው ፓምፕ

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን። እኔ እናገራለሁ፣ እህትህ ትጽፋለች። (አሳምራለሁም፤ በቅንፍ ያለው የእኔ ነው።)

የላክኸው የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ አባትህን በቀበርን በሳምንቱ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ «ሜዳው እስከ ሰኞ ካልታጨደ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ስላሉ፣ አጎትህ አባትህ ይነዳት ከነበረችው ሣር ማጨጃ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ገጠመ።

(ጋሼ «ሞተር አብሮኝ ያደገ ነው» እያለ፣ ሽቦውን በሞተር ማስነሻ ቁልፉ በኩል ማሳለፍ ሲገባው በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። ቁልፉን ቢነቅልም ፓምፑ ይንጣጣል። «ጋሼ፣ አልጠፋም እኮ» ስለው፣ «ዝም በይ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪለምድ ነው!» አለኝ። ቤንዚኑ ሞልቶ ጫማው ላይ ሲንጠባጠብ የለመደው ፓምፑ ሳይሆን ጋሼ ነው። ከዚያ ሽቦውን ፈትቶ አስተካከለው።)

ቅዳሜ ራሴ ነድቼ ሜዳውን አጨድኩ። ወንበሩ ለአባትህ ቁመት ስለተስተካከለ እግሬ ፍሬኑን የሚነካው ተንፏቅቄ ነው። (ላስጠጋልሽ ብላት እምቢ አለች።) እንባዬ ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። ሥራው ግን በእጃችን ነው።

(ጨርሳ የታጨደውን ደግማ ዞረችው። ዘበኛው «እትዬ፣ ምኑን ነው የሚያጭዱት?» ቢላት፣ «አንተ በርህን ጠብቅ» አለችው። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ዞረች። ይህን አትጻፊ ብላኛለች።)

አንተ በደንብ ብላ፤ ከሥራ ስትወጣ አንገትህን ሸፍን። እደግልኝ፣ እጅህ የያዘው ይባረክ። ስትደውል ግን «አለቀስሽ ወይ?» አትበለኝ። ፓምፑ እንዴት ነው በለኝ፤ እሱን እነግርሃለሁ።