የጻፍኩት ቀን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ዝናብ። የምሳፈርበት ማታቱ ዘግይቶ ሻይ ሳልጠጣ ሥራ ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ሲቲ ስካን አነበብኩ። አንዱ የአቶ ጓንጉል ነው፣ የፓርክላንድስ ሰፈሩ ባለ ምግብ ቤት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው። ራሳቸውን ስተው መጡ፤ አንጎላቸው ዙሪያ ደም ፈሷል። ልጃቸው ሕዝቅያስ፣ «መቼ ነው የፈሰሰው?» አለኝ። ስካኑ ላይ ደሙ ነጭ ሆኖ ይታያል። «አዲስ ነው፣ ከሁለት ቀን አይበልጥም» አልኩት። እንደዚያው ጻፍኩት። «በሰው አገር የኛ ሰው ሐኪም ማግኘት እንዴት ደስ ይላል!» አለኝ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
የአቶ ጓንጉል ኦፕራሲዮን ተሳክቷል። ግን አስታማሚያቸው አያልነሽ ከትናንት ጀምሮ ታስራለች። ቅዳሜና እሑድ ብቻዋን ነበረች አብራቸው... «መትታቸዋለች» ተባለ። ማስረጃው? የኔ ሪፖርት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ዶክተር ራጃ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ ስካኑን አየው። «ከነጩ ሥር ያለው ግራጫስ? ይሄ ሳምንታት ሊሆነው ይችላል። አሮጌ ደም ማንም ሳይነካው እንደገና ይደማል። ዶክተር ምርቃት፣ የደሙን ቀን ቁረጪ ማን አለሽ?»
ግራጫውን አይቼው ነበር። አይቼ አለፍኩት... ለምን? አዋቂ ለመምሰል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
የሪፖርቴን ማረሚያ አልጻፍኩም። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ። እሷ እስር ቤት ናት፣ እኔ ስለ ስሜ እጨነቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ጻፍኩት። «የደሙን ዕድሜ በዚህ ስካን ብቻ መወሰን አይቻልም። ተሳስቻለሁ።» ለሕዝቅያስ ደወልኩ። መሳሳቴን ነገርኩት። እሱም፦ «አባቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ከመኪናዬ ሲወርድ ወድቆ ነበር። ምንም አልሆንኩም ሲለኝ ተውኩት።» አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። አሥር ሰዓት ላይ ተፈታች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
አቶ ጓንጉል መናገር ጀምረዋል። አያልነሽን ጥሩልኝ ይላሉ አሉ። እሷ ግን አትመለስም።
ካሳራኒ፣ እህቷ ቤት ሄድኩ። አያልነሽ ራሷ ወንበር ሰጠችኝ። ይቅርታ አልኳት። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ምነው በጮኸች!
«ዶክተር፣ ፖሊሶቹ ወረቀትዎን ሲያነቡልኝ አመንኩ» አለች። «ቅዳሜ ሳጥባቸው ጭንቅላታቸውን አጋጭቻቸው ይሆን? ሳገላብጣቸው ይሆን? እያልኩ... ሐኪም ካለማ እኔው ነኝ አልኩ። ሰኞ እናንተ ስትመጡ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለፖሊሶቹ ልፈርምላቸው ነበር።»