ልብስ ሰፊው ለማጅ

ውድ እማሆይ ወለተሩፋኤል፣

ገና ከመጀመሪያው መስመር ጥፋት ልሠራ ነው። የንስሐ አባታችን «ከእንግዲህ እርስዎ እያልክ ነው የምትጽፍላቸው» ብለውኛል። ሞከርኩት። «እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ጀመርኩና ለቀበሌ ማመልከቻ የማስገባ መሰለኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት። በአዲሱ ስምሽ ጠርቼሻለሁ፣ አሮጌውን ለራሴ አስቀርቻለሁ። አንቺ ማለቱን ግን መተው አልቻልኩም፤ ይቅር በይኝ።

እንዴት ነሽ? ብርዱስ? ከዳባት በላይ ነፋሱ አጥንት ውስጥ ይገባል ይላሉ። የሰፋሁልሽ ቢጫ ቀሚስ ገበሩ ድርብ ነው። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ያኔ አልነገርኩሽም።

ይህን የምጽፍልሽ ለወሬ አይደለም። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መልሱ ያለው አንቺው ዘንድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። መኪና መንዳት ተምሬያለሁ። ገዳም ውስጥ መሳቅ የሚፈቀድ ከሆነ ሳቂ፣ እጠብቅሻለሁ።

ቆብ የተቀበልሽ ዕለት ጸሎተ ፍትሐት ሲደገምልሽ ከኋላ ቆሜ ነበር። ለዓለም ሞታለች ማለት ነው ብለው አስረዱኝ። ገባኝ። የተቸገርኩት ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ምን እንደሚለኝ ጠፋው። ግማሹ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ፣ ግማሹ «እግዜር ያጥናህ»። ጎረቤታችን ሽታዬማ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አለችኝ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሄዶ የሚያለቅስበት መቃብር አለው። ሚስቱን የፈታ ሰው ቢያንስ ኩርፊያ አለው። እኔ ምኑም የለኝም። አልሞትሽም፣ አልተጣላንም፣ ግን የለሽም። ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር ጆሮዬ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ድምፁ ጸጥ ሲል ከጓዳ «ጨረስክ?» ትይኝ ነበር። አሁን ብጨርስም የሚጠይቀኝ የለም። ትናፍቂኛለሽ፣ እስከዳር። ይኸው፣ ስሙም አመለጠኝ።

ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ካበቃን በኋላ «ትፈቅድልኛለህ?» ስትይኝ «እግዚአብሔር ከፈቀደ እኔ ማን ነኝ» አልኩሽ። ቃሌን አላጥፍም። አፌ ሲፈቅድ ልቤን እንዳላማከረ ግን እወቂልኝ።

ባለፈው ለንግሡ ስመጣ በሩቁ አይቼሻለሁ። ከስተሽ ነበር፣ ፊትሽ ግን ሸጋ ሆኗል። ስመለስ ከበሩ ውጭ ጽድ ሥር አንዲት ፒካፕ ቆማ አየሁ፤ ቅጠል ረግፎባታል። አንድ ምእመን ለገዳሙ የሰጣት ናት አሉ። የሚነዳት ስለጠፋ ዱቄቱም ጨዉም አሁንም በአህያ ነው የሚመጣው። መጋቢዋ እንደማንኛውም ተሳላሚ ቆጥረውኝ «ሹፌር ብናገኝ ያችን የዘበኛ ጎጆ እንሰጠው ነበር» አሉኝ። ጎጆዋን አየኋት፤ ከግንቡ ጋር ተለጥፋለች፣ የደወሉም ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማባታል። ጎንደር እስክገባ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ወለቃን አለፍ እንዳልሽ፣ ወደ ዳባት ከሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሜዳ አለ። መንዳት የሚማሩ ሰዎች አስፋልት ሳይወጡ የሚለማመዱበት ነው። ነጭ የተቀቡ ድንጋዮችና በርሜሎች ተደርድረውበታል፣ ለዳገት መለማመጃም የተቆለለ አፈር አለ። መጀመሪያ ላይ የሄድኩት ለማየት ብቻ ነው። ለልጃችን ለአዜብ «ወለቃ ማሰሮ ልገዛ ነው» አልኳት። ውሸታም እንዳልሆን ስመለስ ከመንገድ ዳር አንድ ማሰሮ ገዛሁ።

ሜዳው ላይ አንዲት አሮጌ ፒካፕ፣ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎባት ትዞራለች። ተራ የሚጠብቁት ግንድ ላይ ተቀምጠው በሚነዳው ይስቃሉ። አሰልጣኟ ሚስጥር የምትባል ልጅ ናት፤ ከኛ አዜብ ታንሳለች።

«አባቴ፣ ልጅዎን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ።

«አይ፣ ተራዬን» አልኳት። ግንዱ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ለማየት የመጣሁት ሰውዬ እንዲህ ሆኜ ተመዘገብኩ።

መርገጫዎቹን ሳያቸው ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የስፌት መኪና ስረግጥ ኖሬ ይህ ያቅተኛል? ለካስ ጉዱ እዚያው ኖሯል። እንደምታውቂው የስፌት መኪና ሲቆም ሁለቱንም እግር አንስቶ መዘውሩን በእጅ መያዝ ነው። በርሜሉ ፊት ስደርስ እግሬ የለመደውን ሠራ። ሁለቱንም አነሳሁ፣ መሪውንም ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። ፒካፗ እንደ ፍየል ዘለለች፣ ተንገጫገጨች፣ በርሜሉን ገፍታ ጸጥ አለች።

«ፍሬን፣ አባቴ! ፍሬን!» ሚስጥር ጮኸች።

«እግሬን አነሳሁ እኮ!»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ!»

ከኋላ የተቀመጠው ቻላቸው፣ የጭልጋ ልጅ ነው፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «አያ ዳኛው፣ ምነው? በቅሎ እንኳ ስትቆም እንዲህ አትዘልም!»

ሚስጥር አሥሬ አስረዳችኝ። በግራ ያለው ፍሪሲዮን ነው፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለች እሱን ከለቀቁት መኪናዋ ዘልላ ሞተሯ ይጠፋል። ጭንቅላቴ ወዲያው ተቀበለ፣ እግሬ ግን ልብስ ሰፊ ነው። በሄድኩ ቁጥር በርሜሉ ፊት እንዘላለን። ቻላቸው «ያዙኝ፣ አያ ዳኛው ሊያቆሙ ነው!» ይላል፤ ሁሉም ያገኘውን ይይዛል።

ተራዬን ስጠብቅ የዳባት አውቶቡሶች ባጠገባችን ያልፋሉ። ሌሎቹ በርሜሉን ሲያዩ እኔ አውቶቡሱን አያለሁ። አንዱን ተሳፍሬ መምጣት እችል ነበር። ግን ያ ተሳልሞ መመለስ ነው። እኔን የሚገድለኝ መምጣቱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ከንግሡ ወደ ጎንደር ስመለስ መስኮት ዳር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ባጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለቅሶ ደርሼ የምመለስ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

ቤቱ በማሰሮ ሞላ። መጀመሪያ አዜብ እየተቀበለች ደረደረቻቸው። በኋላ ጓዳ መግቢያ ስታጣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ወለቃ ማን አለችህ?»

ሌላ ሴት መስሏት ነው! ከመደንገጤ የተነሳ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሜዳውን፣ ፒካፗን፣ ጎጆዋን። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማዬ እኮ ዓለምን ትታ ነው የሄደችው። አንተ ደግሞ ዓለምን ፒካፕ ላይ ጭነህ በሯ ድረስ ልታመጣባት?»

ተናደድኩ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብያት ወጣሁ። ንግግሯ ግን አብሮኝ ወጣ። ሜዳውም ላይ አልለቀቀኝም። ትክክል ብትሆንስ? ጸሎትሽን ትተሽ የሞተር ድምፅ የምታዳምጪ ብትሆኚስ? መጨረሻ ላይ በወጉ ማቆም ቻልኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ፤ ግንዱ ላይ ያሉት ሁሉ እልል አሉልኝ። እኔ ግን ይህን አስብ ነበር።

መንጃ ፈቃዴን እንዳገኘሁ፣ ቆብ ከተቀበልሽ በኋላ ለተሾሙት ለአዲሷ እመ ምኔት ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። በጣም ደስ አላቸው። ፒካፗ በአይሱዙ ተጭና ለጥገና ጎንደር ወርዳለች፣ ስትሠራ ዱቄት ጭነህ ይዘህልን ትመጣለህ አሉኝ። ስልኩን ልንዘጋ ስንል «ለመሆኑ ከእኅቶች መሐል ዘመድ አለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

የለኝም ብል ጎጆዋ የኔ ነበረች። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ውሸት ተናግሬ ከግንብሽ ሥር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«እማሆይ ወለተሩፋኤል ሚስቴ ነበሩ» አልኳቸው። ያቺን «ነበሩ» እንዴት እንዳወጣኋት እግዜር ይወቅ።

ስምሽን አስደገሙኝ። ከዚያ «ይህን እኔ አልወስንም፣ ልጄ። ጻፍላት። እሷ አይሆንም ካላለች ና» አሉኝ።

ጥያቄው እንግዲህ ይኸው ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር?

ብመጣ አላስቸግርሽም። በሩን አላልፍም፣ አላስጠራሽም። ለእህሉና ለገዳሙ ስል ነው ብዬም አልዋሽሽም፤ ላንቺ ስል ነው። የምፈልገው ደወሉ ሲደወል አንቺም እኔም እኩል እንድንሰማው ብቻ ነው። አንቺ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ።

አትምጣ የምትይ ከሆነ ለእመ ምኔቷ አንድ ቃል ተናገሪ። ቁልፉን ለቻላቸው እሰጠዋለሁ። እሱም ፈተናውን አልፏል፣ ወጣት ነው፣ ሥራ የለውም፣ ከኔ የተሻለ ይነዳል። አልቀየምሽም። አዜብ ትክክል ነበረች እላለሁ፣ ወደ ማሰሮዎቼ እመለሳለሁ።

ልምጣ የምትይ ከሆነ ምንም አትበይ። ዝም ካልሽ ከያዝነው ጾም ፍቺ በኋላ ባለው ሰኞ ዱቄቱን ጭኜ እመጣለሁ። ሚስጥር አሁን እንደ ሰው ያቆማሉ ብላ መስክራልኛለች፣ እውነቷን ነው። እዚያ በር ላይ ስደርስ ግን ሁለቱንም እግሬን አነሳለሁ። መኪና ዘልላ፣ ተንገጫግጫ፣ ጸጥ ስትል ከሰማሽ እኔ ነኝ። መውጣት የለብሽም። እንደ ድሮው «ጨረስክ?» በይኝ፣ በልብሽ።

ከበር ውጭ፣
ዳኛው