የሰኔ ሚካኤል ዕለት የቆጠርኳቸው ጫማዎች

ሐምሌ 2009 ዓ.ም.
ቆቦ

ለልጄ፣

በሰው አገር እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱ በረደልሽ ወይ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የእርጅና ነው፣ ሐኪም አያድነውም። እናትሽ ደህና ናት፤ ስምሽን ሳትጠራ አትተኛም። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ገባ፣ ማሽላው ከጉልበት አልፏል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሰላምታ አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ "አባዬ" ስትይኝ ወሬውን ወደ ላምና ወደ ማሽላ ስለማዞረው ነው። ነገሩ ሲከርርብሽ ደግሞ ኔትወርክ ጠፋ ትያለሽ። ወረቀት አይጠፋም። ለዕረፍት የመጣችው ሀሊሜ እሑድ ወደ ዱባይ ትመለሳለች፣ እጅ በእጅ ትሰጥሻለች።

በሰኔ የነጋዴውን የቀን ገቢ የሚገምት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ቀበሌው ከሽማግሌ እኔን መረጠ። ፊደል አልቆጠርኩም ብላቸው "አያ ብርሃኑ፣ ከአንቱ አፍ ሐሰት አይወጣም፣ እሱ ይበቃናል" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅሽም። በሦስት መንግሥት የመሬት ግብር አሳድሬ አላውቅም፤ ደረሰኙ ሁሉ በቁርበት ተጠቅልሎ አለ።

መናኸሪያው አጠገብ ጫማና ቀሚስ የምትሸጠው አስረሳሽ ተራዋ ሲደርስ "ገበያው ሞቷል፣ በቀን ሁለት ጥንድ ከሸጥኩ ተመስገን ነው" አለች። እኔ ተነሣሁና ውሸቷን ነው አልኩ። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከዋርካው ሥር ተቀምጬ ታቦት ሊያነግሡ የመጡትን ሴቶች እግር ቆጥሬያለሁ፤ አርባ አንድ አዲስ ጫማ፣ ሁሉም ተረከዙ ላይ ቢጫ ያለበት። ከአስረሳሽ ካልተገዛ ከሰማይ ወረደ ወይ ብላቸው ቤቱ ሳቀ። በእኔ ቃል ግምቷ አራት እጥፍ ሆነ። ጣቴን አተምኩ።

ግምቱ የተለጠፈ ሰሞን አስረሳሽ ቤቴ መጣች። ልትሰድበኝ አልነበረም፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ "አያ፣ ሱቄ ገብተው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። አልገባሁም። ይህን ስንባባል የጎብዬዋ መቅደስ ጥቅሏን ልትወስድ መጣች።

የጥቅሉን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ ስም ሲመጣ፣ "የጓደኞቼ አደራ ነው፣ መጥተው ለጠየቁህ ስጥልኝ" አልሽኝ። አደራ ነውና አንዱንም ፈትቼ አላየሁም። ፖስታ ቤት ጥቅል ልረከብ ስሄድ ሠራተኛው ወረቀቱን ያነብልኝ ነበር፤ "ለአባት የተላከ ስጦታ፣ ለሽያጭ ያልሆነ" ይላል። "ልጅ ወልደዋል፣ ይባረኩ" ይለኛል። ጣቴን አትሜ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ።

መቅደስ ፊታችን ፈታችው። ተረከዙ ቢጫ። እግሯን አስገብታ "ጠበበኝ፣ ትቀይርልኝ ይሆን አያ?" አለች።

ስጦታ ይቀየራል እንዴ ብላት ሳቀችብኝ። "የምን ስጦታ? ብሩን ካስገባሁላት ወር አለፈኝ" ብላ ስልኳን ከፈተች። ሱቅሽ እዚያ ውስጥ ነው፤ ጫማው፣ ቀሚሱ፣ ሽቶው፣ ሁሉም ዋጋው ተጽፎበት። ከዚያ አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ። "በሱቅ ዋጋ ግማሽ፣ ቀረጥ የለ፣ ግብር የለ፣ ቆቦ ድረስ እናደርሳለን" አልሽ። ድምፅሽን ለየሁት።

አስረሳሽ አልጮኸችም። "የቆጠሯቸው እግሮች እነዚህ ናቸው" አለችኝ ብቻ።

በማግስቱ ስደውልልሽ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ከጠየቁህ ስጦታ ነው በል" አልሽኝ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ።

ልጄ፣ የጫማ ማጋዣ አህያ አደረግሽኝ። አህያስ የጫኗትን ባታውቅ ማን ያማታል። እኔ ግን ሽማግሌ ተብዬ ተቀምጬ የሰው ቤት ገመትኩ። አንቺ ያልከፈልሽውን አስረሳሽ እንድትከፍል ፈረድኩባት። ሁለት ልጆች አሏት፤ አሁን መደርደሪያዋን እየሸጠች ነው።

አንቺም ከጎህ ጀምሮ የሰው ቤት ስትጠርጊ ውለሽ፣ በአንዷ የዕረፍት ቀንሽ ገበያ እንደምትዞሪ አውቃለሁ። ቤቴ ላይ ያለው ቆርቆሮ ያንቺ ነው። ዝናብ ሲመታው እሰማዋለሁ፣ አልረሳሁም። ቢሆንም ይህ ሌብነት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ አስረሳሽ ናት። ስጠይቃት "ቆቦ ውስጥ ጸሐፊ ጠፋ አያ?" አለችኝ። "ለሌላ ሰው ባስጽፍ አለሳልሰዋለሁ፣ አንቺ ፊት ግን አልችልም" አልኳት። "እንግዲያው የጽሕፈቱን ገቢ ደግሞ እንዳይገምቱብኝ" ብላ ብዕሯን አነሣች። ቅድም ሌብነት ስል ቀና ብላ "ልጅዎ ናት፣ ይህችን ቃል ልተዋት?" አለች። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ሰኞ ቅሬታ ሰሚው ይቀመጣል። ያ ግምት ከየት እንደመጣ አፉን ሞልቶ የሚመሰክር ከእኔ በቀር የለም። ዝም ብል የሚነካኝ የለም፣ አንቺም ለጥር ለወንድምሽ ሠርግ ትመጫለሽ። ብናገር አገር ስትገቢ ይይዙሻል ይላሉ፤ እኔም ጣቴ ያለበት ወረቀት ብዙ ነው። እናትሽ ጉልበቴ ላይ ወድቃ "አምስት ዓመት ዓይኗን አላየሁም፣ የሰው ሱቅ ይበልጥብሃል?" አለችኝ። አንሥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኳት።

ቤት የቀሩትን ስድስት ጥቅሎች ለማንም አልሰጥም። አንቺም በወጉ ፈቃድ አውጪ፣ የመንግሥትን ክፈይ፣ ከዚያ ከአስረሳሽ አርክሰሽ መሸጥ ከቻልሽ ሽጪ፤ ያኔ ጎበዝ እልሻለሁ። ሰኞ ምን እንደምላቸው ግን ደውለሽ አትጠይቂኝ።

የሰው አገር ፀሐይ አይክፋብሽ። ያሠሪሽን ልብ ያራራልሽ። በምትወጪ በምትገቢበት ሚካኤል ይቅደምልሽ። ለሠርጉ ብትመጪ በሩ ክፍት ነው፤ መምጣት ባይሆንልሽም አልቀየምሽም፣ አንቺም አትቀየሚኝ።

አባትሽ

ግልባጭ፦
ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ቆቦ